በጥቂት አውራዎች የቀረን የአገር በቀል ዶሮ ዝርያ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

ገብስማ (ጠያቂ)

ከሌላ ዝርያ ጋር ሳይቀላቀል ለብዙ ዘመን የቆየ፣ ዛሬ ግን በጣት በሚቆጠሩ አርቢዎች እጅ ብቻ የቀረ የአገር በቀል ዶሮ ዝርያ አረባለሁ። በአሁኑ ጊዜ በመንጋዬ ውስጥ ለዘር የደረሱ 2 አውራ ዶሮዎችና 28 ሴት ዶሮዎች አሉ፤ ሁለቱ አውራዎች የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዝርያው ጭሮ አዳሪ ነው፤ እናቶቹ እንቁላላቸውን ራሳቸው ታቅፈው ይፈለፍላሉ፣ ጫጩቶቻቸውንም ከአሞራ ይከላከላሉ። እንቁላል በመጣል ረገድ ከተሻሻሉት ዝርያዎች ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ሌሎች ዶሮዎች በማይዘልቁበት ሁኔታ ውስጥ ሲዘልቅ አይቻለሁና እንዲጠፋ አልፈልግም።

የሚያሳስበኝ ነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ በተሸጋገርን ቁጥር የሚፈለፈሉት እንቁላሎች ድርሻ እየቀነሰ፣ ከተፈለፈሉት ጫጩቶችም መካከል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት እየበዙ መምጣታቸው ነው። መኖውን፣ ንጽሕናውንና ክትባቱን ደጋግሜ ብፈትሽም ለዚህ በቂ ምክንያት የሚሆን ጉድለት አላገኘሁም። ስለዚህ ችግሩ ከዘሩ ይሆናል ብዬ መጠርጠር ጀምሬያለሁ።

ምክር የጠየቅኋቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ የሴቶቹን ቁጥር በእጥፍ ካሳደግሁ ችግሩ በራሱ ይቃለላል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የተሻሻለ ዝርያ አውራ አምጥቼ እንዳዳቅል ይመክሩኛል፤ ይህ ግን ላቆየው የምሻውን ነገር ራሱን የሚያጠፋ መስሎ ይታየኛል። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ። በእንዲህ ያለ ጠባብ መንጋ ውስጥ የዘር ብዝኃነት የሚጠፋው በምን ፍጥነት ነው? ጥፋቱን ለማዘግየት በአንድ አርቢ አቅም ምን ሊደረግ ይችላል? ለቀጣዩ ትውልድ የማስቀራቸውን ዶሮዎችስ በምን መስፈርት ልምረጥ?

የዘር መዝገብ

በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የሌሎቹም መልስ ከእርሱ የሚመነጭ ነውና።

ሠላሳ ዶሮ ማርባት የሠላሳ ዶሮ ዘር መያዝ ማለት አይደለም። የእያንዳንዱ ጫጩት ዘር ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት የሚመጣ በመሆኑ፣ ሴቶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ከሚተላለፈው የዘር ሀብት ግማሹ የሚያልፈው በሁለቱ አውራዎች በኩል ብቻ ነው። አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ሰዋል ራይት እ.ኤ.አ. በ1931 ይህን ጉዳይ በቀላል ስሌት አስቀምጦታል። የአውራዎቹ ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ይባዛል፤ ውጤቱ እንደገና በ4 ተባዝቶ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። በእርስዎ መንጋ 2 በ28 ሲባዛ 56፣ እርሱም በ4 ሲባዛ 224፣ ለ30 ሲካፈል ደግሞ 7.5 ገደማ ይሆናል። ይህ ውጤታማ የመንጋ ቁጥር የሚባለው ነው። ትርጉሙም መንጋዎ ብዝኃነቱን የሚያጣው ወንድና ሴት እኩል የሆኑበት የሰባት ወይም የስምንት ዶሮዎች መንጋ በሚያጣበት ፍጥነት ነው ማለት ነው።

1ን ለዚህ ቁጥር እጥፍ ስናካፍል በየትውልዱ የሚጨምረውን የዝምድና መጠን እናገኛለን፤ በእርስዎ ሁኔታ 6.7 በመቶ ገደማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዝርያ ጥበቃ የሚመክረው ይህ ጭማሪ በየትውልዱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ማለትም ውጤታማው ቁጥር ከ50 እንዳያንስ ነው። ሁለቱ አውራዎችዎ ወንድማማቾች መሆናቸው ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር ከ7.5ም በታች ያወርደዋል።

ሴቶቹን በእጥፍ ያሳድጉ ለሚለው ምክር መልሱ ከዚሁ ስሌት ይወጣል። 2 አውራዎችን ከ56 ሴቶች ጋር ቢይዙ ውጤታማው ቁጥር ከ7.5 ወደ 7.7 ብቻ ከፍ ይላል። ይህን ያህል መኖና ድካም የሚያስገኘው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር ነው። በአንጻሩ አንድም ዶሮ ሳይጨምሩ እነዚያኑ 30ዎቹን 10 አውራና 20 ሴት አድርገው ቢይዟቸው ቁጥሩ ወደ 26.7 ያድጋል፤ የዝምድናው ጭማሪም ወደ 1.9 በመቶ ይወርዳል። አውራ ዶሮ እንቁላል ሳይጥል ጥሬ የሚጨርስ ተደርጎ ስለሚታይ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። ብዙ ዝርያዎች ሴቶቻቸው ሳያልቁ በዘር የደኸዩት በዚህ ምክንያት እንደሆነ አምናለሁ።

ሆኖም አሥር አውራዎችን በአንድ ግቢ ውስጥ መልቀቅ ብቻውን አይበቃም። አውራዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች ደረጃ ስለሚይዙ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ጫጩቶቹን በብዛት ያስወልዳሉ፤ የቀሩት በመዝገብ ላይ ብቻ አባት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በእርባታው ወቅት እያንዳንዱ አውራ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴቶች ጋር በተለየ ክፍል ቢቀመጥ የሚሻል ሲሆን፣ ከየክፍሉ የሚሰበሰበው እንቁላልም ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው ግን የሚከተለው ነው። ለቀጣዩ ትውልድ አባትና እናት የሚሆኑትን ሲመርጡ ከእያንዳንዱ አውራ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከእያንዳንዷ እናትም አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያስቀሩ። ብዙ ጫጩት ያሳደገች እናት ብዙ ልጆቿን፣ ጥቂት ያሳደገችውም ጥቂቶቿን የምታወርስ ከሆነ የዕድለኛዋ ዘር መንጋውን ያጥለቀልቀዋል። ድርሻቸው እኩል ሲሆን ግን በ10 አውራና በ20 ሴት መንጋ ውስጥ የዝምድናው ጭማሪ ከ1.9 ወደ 1.1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ወጪ ሳያስከትል፣ በእግር ቀለበትና በጥሩ መዝገብ ብቻ የሚገኝ ውጤት ነው። አንዱ ወጣት አውራ ቢሞት መስመሩ እንዳይቋረጥ ከእያንዳንዱ አባት አንድ ተጠባባቂ ልጅ ማቆየትም ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ትውልዱን አያፋጥኑት። ብዝኃነት የሚጠፋው በትውልድ እንጂ በዓመት አይደለም። ዘር የሚሰጡትን ዶሮዎች በየዓመቱ ከመተካት ይልቅ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ቢተኩ፣ በተመሳሳይ ዘመን ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ወደ ግማሽና ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ላባ

የዘር መዝገብ በሰጡት ማብራሪያ ላይ የምቃወመው የለኝም። እኔ ስለ ምርጫው እጨምራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ጠያቂው የመፈልፈል ጉድለቱ በእርግጥ ከዘር የመጣ መሆኑን እንዲያጣሩ እፈልጋለሁ።

ታቅፎ 21 ቀን ካለፈው በኋላ ያልተፈለፈለ እንቁላል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንቁላሎቹን ከታቀፉ በሰባተኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከባትሪ ብርሃን ፊት ይዘው ይመልከቱ። ቀይ የደም ሥሮች ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነሥተው ሲዘረጉ ካዩ ፅንሱ እያደገ ነው። ምንም ሳይታይበት ጥርት ያለውን እንቁላል ለይተው ይስበሩትና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ያስተውሉ። ነጥቧ ትንሽ፣ ድፍንና ዳርቻዋ ያልተስተካከለ ከሆነ እንቁላሉ ዘር አላገኘም፤ ሰፋ ብላ ቀለበት ከሠራች ግን ዘር አግኝቶ ፅንሱ ገና በጅምሩ ሞቷል ማለት ነው። ዘር ያላገኘው ከበዛ የአውራዎቹን ዕድሜና ጤና፣ የእግራቸውንም ደኅንነት መመርመር ይቀድማል። ዘር አግኝተው የሚሞቱት ከበዙና ጉዳቱ ከአንዳንድ ክፍሎች በተለየ ሁኔታ ከተደጋገመ ግን የቅርብ ዝምድና ጥርጣሬዎ ይጠናከራል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ዶሮ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ሲወርሳቸው የማይጎዱት፣ ከሁለቱም ሲወርሳቸው ግን ፅንሱን የሚገድሉ ወይም የሚያደክሙ ድብቅ ጉድለቶችን ይሸከማል። ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ያው አንዱ ጉድለት ከሁለቱም ወገን የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ወደ ምርጫው ስመለስ፣ በብርቅ ዝርያዎች ላይ አርቢዎች የሚፈጽሙት ትልቁ በደል ዝርያውን በአንድ መልክ መወሰን ነው ብዬ አምናለሁ። ጉትዬ የሌለው ይውጣ፣ ላባው ከዚህ ቀለም የተለየው ይወገድ እየተባለ በየትውልዱ ሲጣራ፣ ከቀለሙ ጋር የማይታዩ ብዙ ባሕርያት አብረው ይወጣሉ። አንዳንዱ መልክ ደግሞ በራሱ አደጋ ያዘለ ነው። እግረ አጭርነትን የሚያመጣው ታዋቂው ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ፅንሱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ሁለት እግረ አጭር ዶሮዎችን የሚያዳቅል አርቢ ከፅንሶቹ ሩቡን ገና በእንቁላሉ ውስጥ ያጣል። መንጋዎ እንዲህ ያለ ባሕርይ ካለው እግረ አጭሩን ከእግረ ረጅሙ ጋር ያዳቅሉ።

በዓይን የሚታየውን ባሕርይ እንኳ ውበቱን ብቻ አይተን መመዘን የለብንም። አንገተ መላጣነት ለዓይን ባይማርክም፣ ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ዶሮ ላባው በ20 በመቶ ገደማ፣ ከሁለቱም የወረሰው ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ የሰውነቱን ሙቀት በቀላሉ ያስወጣል፤ በሞቃት አካባቢም የተሻለ ያድጋል። በሽታን በመቋቋም ረገድም እንዲሁ ነው። ማሬክ በሚባለው በሽታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሰውነት ተሕዋስያንን የሚለይባቸው ዘረመሎች በአንድ መልካቸው ዶሮውን ሲያተርፉት በሌላው መልካቸው ለሞት አሳልፈው ይሰጡታል። ልዩነቱ ላባው ላይ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ዙሪያ የሚገኙ ዶሮዎችን ዘረመል ያነጻጸረ ጥናት፣ ለንግድ የሚረቡት ንጹሕ መስመሮች ከጥንቱ የዘር ብዝኃነት ግማሹንና ከዚያም በላይ እንዳጡ አሳይቷል። ከዚያ የጎደለው ሊገኝ የሚችለው እንደ እርስዎ ባሉ አርቢዎች ግቢ ውስጥ ነው።

ስለሆነም መስፈርትዎ ጤና፣ የአካል ጉድለት አለመኖርና የመራባት ችሎታ ይሁን፤ ከዚያ በተረፈ ግን ከየቤተሰቡ የሚቀሩትን በዕጣ ቢመርጡ ይሻላል።

ገብስማ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክፍሎቹን ለመለየትና መዝገብ ለመጀመር ወስኛለሁ፤ እንቁላሎቹንም በተባለው መንገድ እመረምራለሁ።

ነገር ግን አሥር አውራ ለማድረስ ከእነዚሁ ሁለት ወንድማማቾች የሚወለዱትን ከመጠቀም ውጭ ምርጫ የለኝም፤ ቁጥሩ ቢበዛም ምንጩ ያው አንድ አያት ነው። በሌላ አካባቢ በተመሳሳይ ስም የሚጠሩ፣ የላባቸው ቀለም ግን ከእኔዎቹ ትንሽ ለየት የሚል ዶሮዎችን የሚያረባ ሰው አለ። ከእርሱ አውራ ባመጣ ዝርያውን አደባልቃለሁን? የአውራዎቼ የዘር ፈሳሽ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ሊቀመጥ እንደሚችልም ሰምቻለሁና፣ ይህ መንገድ ያዋጣ እንደሆነ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ቆጥ

ያምጡ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ያምጡ። በእርስዎ ደረጃ ላይ ለደረሰ መንጋ ከዚያው ዝርያ የሚገኝ የተለየ ደም መድኃኒት ነው። ቀደም ሲል እንደተገለጸው ስሌቱና ምርጫው ያለውን ብዝኃነት እንዳይጠፋ ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም።

የላባ ቀለም መለየቱ ብቻውን ሊያስፈራዎት አይገባም። የአገር በቀል ዝርያዎች ከጥንትም ብዙ ቀለም ያላቸው ናቸው፤ አንዱ አርቢ ቀዩን፣ ሌላው ገብስማውን ወዶ ስላስቀረ ሁለቱ መንጋዎች በመልክ ተለያይተው ሊሆን ይችላል። መጣራት ያለበት በዚያኛው መንጋ ውስጥ የተሻሻለ ዝርያ ገብቶበት እንደሆነ ነው። ሴቶቹ ይታቀፋሉን? ከባድ ሰውነት ያላቸው ወይም መታቀፍ ጨርሰው የተዉ ዶሮዎች በዝተዋልን? ከዚህ በፊትስ አውራ ከየት አምጥተው ያውቃሉ? ይህን ሁሉ ከባለቤቱ ጠይቀው ይረዱ። ከአንድ የምርምር ተቋም ጋር የመገናኘት ዕድል ካለዎት ደግሞ ጉዳዩ በዘረመል ምርመራ ሊለይ ይችላል። የአእዋፍ ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ እኛ ሳይሆኑ ዘረመሉን የሚይዘው የሕዋስ አስኳል (ኒውክሊየስ) ያላቸው ስለሆኑ፣ ከክንፍ ሥር በወረቀት ላይ የምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ለምርመራው ትበቃለች።

የበሽታው ስጋት ከዘሩ ስጋት ይበልጣል። ፈንግል ከአንድ እንግዳ አውራ ጋር ገብቶ ያልተከተበን መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የመጣው ዶሮ ቢያንስ ለ30 ቀናት ከመንጋው ርቆ፣ በተለየ የውኃና የመኖ ዕቃ መቆየት አለበት፤ ዕለታዊውን ሥራ ሲሠሩም መጀመሪያ ወደ ራስዎ ዶሮዎች፣ በመጨረሻ ወደ እንግዳው ይሂዱ። ከአውራው ይልቅ ለመታቀፊያ የሚሆን እንቁላል ማምጣት አደጋውን ይቀንሰዋል። ያም ቢሆን እንደ ፑሎረም ያሉ ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል በኩል የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ እንቁላሉ የሚመጣበት መንጋ አስቀድሞ ቢመረመር መልካም ነው። በእንቁላል መልክ ሲመጣ ሌላም ጥቅም አለ፤ ከአንድ አውራ ፋንታ የብዙ አባቶችንና እናቶችን ዘር በአንድ ጊዜ ያገኛሉ።

አውራ በሚለዋወጥበት ጊዜ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ሴት ዶሮ የተቀበለችውን ዘር በማህፀን ቱቦዋ ውስጥ በሚገኙ ጥቃቅን ከረጢቶች አቆይታ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ሳምንታት ያህል እንቁላሎቿን ታዳብርበታለች። በመሆኑም የድሮው አውራ ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የተሰበሰበን እንቁላል የአዲሱ አውራ ነው ብሎ መመዝገብ መዝገቡን ያበላሸዋል። በእነዚያ ሳምንታት የሚጣለው እንቁላል ለምግብ ይዋል።

አዲሱን ዘር ካገኙ በኋላ ደግሞ አዲስ ደም ነው ብለው በሁሉም ክፍሎች አያሰራጩት። መንጋውን በአራት ወይም በአምስት ቤተሰቦች ይክፈሉ፤ እንግዳው ዘር በአንዱ ይግባ። ከዚያ በኋላ በየትውልዱ የመጀመሪያው ቤተሰብ ወጣት አውራዎች ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የመጨረሻውም ወደ መጀመሪያው ይዛወሩ፤ ሴቶቹ ግን በተወለዱበት ቤተሰብ ይቆዩ። በዚህ ዓይነት ወንድምና እኅት በአንድ ክፍል አይገናኙም፤ እንግዳውም ዘር የነባሩን ሳይውጥ በዝግታ ይዳረሳል።

የተሻሻለ ዝርያ አውራ ያስገቡ የሚለውን ምክር አለመቀበልዎ ትክክል ነው። ምርታቸው ከፍ ያለ አውራዎችን በገፍ በማከፋፈል የአገር በቀል ዶሮን ለማሻሻል የተደረጉ ሙከራዎች በብዙ አገሮች ነባሩን ዘር አደብዝዘዋል፤ መታቀፍን የመሰሉ ባሕርያትም አብረው ተዳክመዋል።

የቅዝቃዜ ባንክ

ስለ ዘር ፈሳሹ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ። የአውራ ዶሮ የዘር ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዘመናት ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህንም የሚያደርጉ የዘር ባንኮች በተለያዩ አገሮች አሉ። ነገር ግን በዶሮ ላይ ሥራው ከከብት ይልቅ የከበደ ነው። ለከብት ዘር ከቅዝቃዜ ጉዳት መከላከያ ሆኖ የሚያገለግለው ግሊሰሮል በሴቷ ዶሮ ውስጥ ማዳበርን ስለሚያግድ፣ ዘሩ ከቀለጠ በኋላ ከመሰጠቱ በፊት እንዲወገድ ወይም በምትኩ ሌላ መከላከያ እንዲገባ ያስፈልጋል። የማዳበር ውጤቱም ከዝርያ ዝርያ፣ ከአውራ አውራ በእጅጉ ይለያያል። አንድ አርቢ በግቢው የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን የዘር ፈሳሽ ሙሉውን ዝርያ አለመያዙ ነው። በአጥቢ እንስሳት ሁለት የተለያዩ የፆታ ክሮሞሶሞች ያሉት ወንዱ ሲሆን፣ በአእዋፍ ግን ሴቷ ናት፤ ደብልዩ የሚባለው ክሮሞሶም የሚገኘው በሴቷ ብቻ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዘረመልም እንዲሁ በአውራው ዘር አይተላለፍም። ዝርያው ጠፍቶ የቀዘቀዘው ዘር ብቻ ቢቀር፣ በሌላ ዝርያ ሴቶች ላይ ደጋግሞ በማዳቀል በመጀመሪያው ትውልድ 50 በመቶ፣ በሁለተኛው 75፣ በአምስተኛው ደግሞ 97 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የቀረውን ዘር መመለስ ይቻላል፤ የእናቶቹ መስመር ግን አይመለስም። የዶሮ እንቁላልን ወይም ፅንስን ማቀዝቀዝም አይቻልም፤ አስኳሉ ትልቅና ስብ የበዛበት በመሆኑ ጉዳት ሳይደርስበት አይበርድም።

ይህን ክፍተት የሚሞላ መንገድ ተገኝቷል። ከታቀፈ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ በሆነው ፅንስ ደም ውስጥ፣ ወደ ፊት ዘርና እንቁላል የሚሆኑት መነሻ ሕዋሳት ይዘዋወራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከወንድም ከሴትም ተወስደው በቤተ ሙከራ ሊባዙና በቅዝቃዜ ሊቀመጡ ይችላሉ። በስኮትላንድ የሚገኘው የሮስሊን ተቋም ተመራማሪዎች የራሳቸውን ዘር እንዳያፈሩ በተደረጉ የሌላ ዝርያ ፅንሶች ውስጥ እነዚህን ሕዋሳት በማስገባት፣ አድገው ሲዳቀሉ የሕዋሳቱን ባለቤት ዝርያ ንጹሕ ጫጩቶች የሚያፈሩ አሳዳጊ ወላጆችን እንዳገኙ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ አድርገዋል። ታላቅ ተስፋ ያለው ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ባንክ በአገርዎ ካለ ዶሮዎችዎን ያስመዝግቡ፤ ናሙናም ይስጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊዘርላንድ ኢንተርላከን ከተማ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ዘር ሀብት የድርጊት መርሐ ግብር አገሮች ዝርያዎቻቸውን እንዲመዘግቡና እንዲጠብቁ ይጠይቃል፤ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አመዳደብም ለዘር የደረሱት ሴቶቹ ከ100 ወይም አውራዎቹ ከ5 የማይበልጡ ዝርያ እጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በናይትሮጅን ውስጥ የተቀመጠ ዘር በሽታው፣ አየሩና መኖው ሲለዋወጥ አብሮ አይለማመድም። ስለዚህ ባንኩ ለእሳት አደጋና ለወረርሽኝ መጠባበቂያ ይሁን እንጂ ግቢዎ ውስጥ ያለውን ሕያው መንጋ ይተካል ብለው አያስቡ።

የዘር መዝገብ

ቆጥ የሰጡትን የማዛወር ሥርዓት እደግፋለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን እለያለሁ። አሁን ባሉት 30 ዶሮዎች አምስት ቤተሰብ መሥራት እያንዳንዱን ቤተሰብ እጅግ ያሳንሰዋል፤ አንድ ቤተሰብ በበሽታ ወይም በአውሬ ቢጠፋም ዙሩ ይቋረጣል። ሦስት ቤተሰብ ይበቃል፤ መንጋው ሲሰፋ አራተኛውን መጨመር ይቻላል።

በመጀመሪያው የእርባታ ወቅት ከ28ቱ እናቶች ከእያንዳንዷ እንቁላል መታቀፉን ያረጋግጡ። ይህ ከአሥር አውራዎችም በላይ አጣዳፊ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ የመንጋዎ ብዝኃነት በአብዛኛው ያለው በሴቶቹ ዘንድ ስለሆነ፣ ልጅ ሳታስቀር የሞተች እናት የያዘችውን ይዛ ትሄዳለች። እንቁላሉ እስኪጠራቀም ድረስ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፤ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ከሚፈለፈሉት ወንዶች መካከል እናቶቻቸው የተለያዩ የሆኑትን አሥር ይምረጡ፤ በአባት ቢገናኙም በእናት ይለያያሉ።

ከዚያው ጋር በሁለት ወይም በሦስት በሚያምኗቸው አርቢዎች ግቢ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥቂት ጫጩቶችን ያስቀምጡ። ለአርቢዎቹም ቀለበቱንና የመዝገቡን ቅጂ አብረው ይስጧቸው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማይታወቅ አውራ በኋላ ወደ መንጋዎ ቢመለስ ከየትኛው ቤተሰብ ጋር እንደሚዳቀል መወሰን አይቻልምና።